የሌላውን ማንበብ፥ የራስን መፈተን
ስለ ክለሳ ድርሳናትና ስለ መላምት ለጥናት ጸሐፊዎች የቀረበ

የመመረቂያ ወራት በቀረበ ቁጥር በየዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት አንድ ዓይነት ተማሪ ይበዛል። ይኸውም ርእሱን ካጸደቀ በኋላ ሁለተኛውን ምዕራፍ ለመጀመር የሚፈራው ነው። መጠይቅ ለመበተን፥ ቁጥር ለመደመር፥ ሰንጠረዥ ለማስመር የማይቸግረው ወጣት፥ «ክለሳ ድርሳናት» ከሚባለው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ እጁ ይታሰራል። «መላምትህ ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ደግሞ ዝም ይላል። ይህ ጭንቀት የተማሪ ብቻ አይደለም። «ጉዳዩ ተጠንቶ ይቅረብ» የሚል ማስታወሻ የተመራለት ወጣት የመሥሪያ ቤት ሠራተኛም በዚያው ሥፍራ ይቆማል።

ነገሩ የማርክና የማዕረግ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ባላነጋገረ ነበር። ነገር ግን የውኃ ጉድጓድ የሚቆፈርበት ቦታ፥ ለጤና ጣቢያ የሚገዛው መድኃኒት፥ ለትምህርት ቤት የሚመደበው ገንዘብ የሚወሰነው ብዙ ጊዜ በአንድ ጥናት ላይ ተመሥርቶ ነው። የቀደሙትን ሳያነብ የሚነሣ ጥናት የተገኘውን እንደገና ሲፈልግ ገንዘብና ጊዜ ያባክናል። ከዚያም የከፋው፥ የተገኘው ነገር ሲረሳ ሰው ይሞታል። ለዚህም ምስክር የሚሆን አንድ የታወቀ ታሪክ እነሆ።

የተረሳው ሎሚ

በ18ኛው ምዕተ ዓመት የእንግሊዝን መርከበኞች ከጠላት ጥይት ይልቅ ይፈጅ የነበረው ስከርቪ የሚባል በሽታ ነበር። በሽታው የያዘው ሰው ድዱ ያብጣል፥ ይደማል፤ ጥርሱ ይወልቃል፤ የዳነ ቁስሉ መልሶ ይከፈታል፤ በመጨረሻም ይሞታል። እ.ኤ.አ. ከ1740 እስከ 1744 በጆርጅ አንሰን መሪነት ዓለምን ለመዞር ከወጡት መርከበኞች አብዛኞቹ ያለቁት በበሽታ፥ ይልቁንም በዚሁ በስከርቪ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1747 ጄምስ ሊንድ የተባለ ስኮትላንዳዊ የመርከብ ሐኪም «ሶልዝበሪ» በምትባል የጦር መርከብ ላይ 12 በሽተኞች መረጠ። ሁለት ሁለት አድርጎም በስድስት ክፍል መደባቸው። ምግባቸው አንድ ዓይነት፥ መኝታቸውም በአንድ ሥፍራ ነበረ፤ ልዩነቱ መድኃኒቱ ብቻ ነው። ለአንደኞቹ ከፖም የተጠመቀ መጠጥ፥ ለሌሎቹ በውኃ የቀጠነ አሲድ፥ ለሌሎቹ ኮምጣጤ፥ ለሌሎቹ የባሕር ውኃ፥ ለሌሎቹ ነጭ ሽንኩርትና ሰናፍጭ የገባበት ውሁድ፥ ለቀሩት ሁለቱ ደግሞ ብርቱካንና ሎሚ ሰጣቸው። ብርቱካንና ሎሚ ከበሉት አንዱ በስድስት ቀን ውስጥ ወደ ሥራው ለመመለስ በቃ፤ ጓደኛውም ተሽሎት የቀሩትን በሽተኞች እንዲያስታምም ተመደበ።

ሊንድ እ.ኤ.አ. በ1753 መጽሐፉን ሲያሳትም የራሱን ሙከራ ብቻ ጽፎ አልተወም። ከርሱ በፊት ስለ በሽታው የጻፉትን ደራስያን በዘመን ቅደም ተከተል እየጠራ፥ ማን ምን እንዳለ፥ ማን በዓይኑ አይቶ፥ ማን ደግሞ ከሌላ ገልብጦ እንደጻፈ መረመረ። ዛሬ ክለሳ ድርሳናት የምንለው ሥራ ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ይኸው ጠንቃቃ ሰው አንድ ነገር ሳይፈትን አለፈ። ፍሬው በረጅም ጉዞ እንዳይበላሽ ጭማቂው በእሳት ተተንኖ ወፍሮ በጠርሙስ እንዲያዝ መከረ። ኀይሉ እንደማይቀንስ ገምቶ ነበር፤ ግምቱን ግን እንደ መጀመሪያው በበሽተኞች መካከል አላወዳደረውም። እኛ ዛሬ ቫይታሚን ሲ የምንለውን ነገር እሳቱ አብዛኛውን ያጠፋው ነበር። የእንግሊዝ ባሕር ኀይል ለመርከበኞቹ የሎሚ ጭማቂ እንዲታደል ያዘዘው እ.ኤ.አ. በ1795፥ ማለት መጽሐፉ ከታተመ ከ42 ዓመት በኋላ ነው።

ታሪኩ በዚህም አላበቃም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የሜዲትራንያን አገር ሎሚ ቀርቶ ከምዕራብ ሕንድ ደሴቶች በሚመጣ ሌላ ዓይነት ትንሽ አረንጓዴ ሎሚ ተተካ። ይህኛው ሎሚ በሽታውን የመከላከል ኀይሉ በጣም አነስተኛ ነበር። በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች ጉዞውን ስላሳጠሩት ድካሙ ለጊዜው አልታወቀም። ወደ ዋልታዎቹ የሄዱ ተጓዦች ሎሚ እየጠጡ ሲታመሙ ግን ብዙ ሐኪሞች «ከመጀመሪያውም የሎሚው ነገር ስሕተት ነበር፤ በሽታው የሚመጣው ከተበላሸ ሥጋ ነው» አሉ። እ.ኤ.አ. በ1907 ሆልስትና ፍሮሊክ የተባሉ ሁለት የኖርዌይ ሊቃውንት ጊኒ ፒግ በሚባሉ ትንንሽ እንስሳት ላይ ባደረጉት ምርመራ ነገሩ ከምግብ ጉድለት መሆኑ እንደገና ጎልቶ ወጣ። በ1930ዎቹም ንጥረ ነገሩ ራሱ ተለይቶ ታወቀ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ጉድለቶች ይታያሉ። አንደኛው የቀደመውን በደንብ አለማንበብ ነው፤ «ሎሚ» የተባለው የትኛው ሎሚ፥ እንዴትስ የተዘጋጀ እንደሆነ ያልጠየቀ ሰው ያነበበ ቢመስለውም አላነበበም። ሁለተኛው ግምትን ሳይፈትኑ እንደ እውነት መቀበል ነው። ክለሳ ድርሳናት የመጀመሪያውን፥ መላምት የሁለተኛውን ጉድለት ይከላከላሉ።

ክለሳ ማለት ዝርዝር አይደለም

ብዙ ተማሪ ክለሳ ድርሳናትን እንደ ስም ጥሪ ይቈጥረዋል። «እገሌ በዚህ ዓመት እንዲህ አለ፤ እገሊትም በዚያ ዓመት እንዲያ አለች» እያለ ሠላሳ ገጽ ይሞላል። አማካሪው ሲመልስበትም «ይህን ሁሉ አንብቤ!» ብሎ ያዝናል። የጐደለው ግን ንባብ ሳይሆን ፍርድ ነው።

ይህ የማመዛዘን ሥራ ለአገራችን ትምህርት ባዕድ አይደለም። የአንድምታ መምህር ንባቡን ካስነበበ በኋላ «አንድም፥ አንድም» እያለ አበው የሰጡትን ልዩ ልዩ ፍቺ ጎን ለጎን ያቆማል። ተማሪውም አንዱ ፍቺ ከሌላው በምን እንደሚለይ ይማራል። የዘመኑ ክለሳ ድርሳናት በዚህ ላይ አንድ ነገር ይጨምራል፤ ከተደረደሩት ሐሳቦች የትኛው በምን ማስረጃ እንደጸና፥ የትኛውስ በምን እንደደከመ ይመዝናል።

ስለዚህ ምዕራፉ የሚከፈለው በጸሐፊዎች ስም ሳይሆን በሐሳብ ነው። ርእሳችሁ ለምሳሌ «ሴቶች ልጆች ከትምህርት ገበታ የሚቀሩበት ምክንያት» ቢሆን፥ የቤት ሥራን ጫና ምክንያት ያደረጉ ጥናቶች በአንድ ወገን፥ የትምህርት ቤቱን ርቀት የያዙ በሌላ፥ የቤተ ሰብን ድህነት ወይም ያለዕድሜ ጋብቻን የያዙ ደግሞ በሌላ ወገን ይቆማሉ። ከዚያ በኋላ የት እንደተስማሙና የት እንደተለያዩ፥ የተለያዩትም ስለ ምን እንደሆነ ትጠይቃላችሁ። አንዱ በቆላ፥ ሌላው በደጋ አጥንቶ ሊሆን ይችላል። አንዱ ወላጆችን፥ ሌላው ልጃገረዶቹን ራሳቸውን ጠይቆ ይሆናል። ልዩነቱ ከዚህ ከመጣ፥ እናንተ የምትገቡበት በር እርሱ ነው።

አነባበብና አያያዝ

ለእያንዳንዱ ጽሑፍ አንድ ካርድ ወይም አንድ የደብተር ገጽ ይኑራችሁ። በላዩም ላይ የስድስት ጥያቄዎች መልስ ይጻፍ፤ ማን መቼ ጻፈው? የጠየቀው ጥያቄ ምንድን ነው? የት፥ በስንት ሰው ላይ፥ በምን ዘዴ አጠና? ምን አገኘ? ማስረጃው መደምደሚያውን ይሸከመዋልን? ሳይመልስ የተወውስ ነገር ምንድን ነው? ሃያ ካርዶች እንዲህ ከተሞሉ በኋላ በጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ በሐሳብ በሐሳብ ስትቧድኗቸው፥ ምዕራፉ ግማሹ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

አባቶቻችን «ውኃን ከጥሩ፥ ነገርን ከሥሩ» ይላሉ። አንድ ጸሐፊ የጠቀሰውን ሌላ ጸሐፊ፥ ዋናውን ሳታዩ እንዳያችሁ አድርጋችሁ አትጥቀሱ። አንድ ቁጥር ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ «በአንድ ወረዳ» የነበረው «በመላው አገር» እየሆነ ይገኛል። በተለይ ዛሬ በኮምፒውተር ተጠይቆ መልስ የሚያቀናብረው የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ፥ ከቶ ያልተጻፈ መጽሐፍ ከነደራሲው ስም አሳምሮ ሊሰጥ ስለሚችል፥ በዓይናችሁ ያላያችሁትን ጽሑፍ በጥናታችሁ አታስገቡ።

ሥሩ የት ይገኛል? ለታሪክ፥ ለቋንቋና ለባህል ጥናት እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በስድስት ኪሎ ያለው ቤተ መጻሕፍት አለ። በተለምዶ ወመዘክር የምንለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍትም አለ። ለሕዝብ ኑሮና ጤና ቁጥር ለሚፈልግ፥ እ.ኤ.አ. በ2000፥ በ2005፥ በ2011 እና በ2016 የተካሄዱት የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናቶች ታትመው ይገኛሉ። ዩኒቨርሲቲዎችም የተመራቂዎቻቸውን ጥናት በኢንተርኔት ማስነበብ ስለ ጀመሩ፥ ቀዳሚያችሁ የሆነው ተማሪ ምን እንደጻፈ ከቤታችሁ ሆናችሁ ማየት ትችላላችሁ።

በዓድዋ ወንዝ ዳር

ንባብና መላምት እንዴት እንደሚጋጠሙ ለማየት ከአገራችን የሚሻል ምሳሌ የለም። እ.ኤ.አ. በ1964 አክሊሉ ለማ የተባለው ወጣት ተመራማሪ ቢልሃርዝያ የሚባለውን በሽታ ሊያጠና ወደ ዓድዋ ሄደ። ከወንዙ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ከሌላው ሥፍራ ይልቅ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው ተመለከተ።

በዚያ ወንዝ ያለፈ ሰው ሁሉ ይህን ሊያይ ይችል ነበር። አክሊሉ ግን ሊቃውንት ቀደም ብለው የደረሱበትን ያውቅ ነበር። ቴዎዶር ቢልሃርዝ እ.ኤ.አ. በ1851 ካይሮ ውስጥ የበሽታውን ትል አግኝቷል። ሚያይሪና ሱዙኪ የተባሉ ጃፓናውያን እ.ኤ.አ. በ1913፥ ሮበርት ላይፐር የተባለው ብሪታንያዊም በ1915 በግብፅ፥ ትሉ ወደ ሰው ከመግባቱ በፊት በቀንድ አውጣ ውስጥ ማደግ እንዳለበት አረጋግጠዋል። እንግዲህ ቀንድ አውጣው ከሞተ የበሽታው መንገድ ተቈረጠ ማለት ነው። ይህን ላላነበበ ሰው፥ የሞተ ቀንድ አውጣ የሞተ ቀንድ አውጣ ብቻ ነው። ላነበበ ግን ጥያቄ ይሆናል።

አሁን ተማሪው ከዚያ ወንዝ ዳር ቆሞ ራሱን ይጠይቅ። ቀንድ አውጣዎቹን የገደላቸው ምንድን ነው? እንዶዱ ሊሆን ይችላል። ከልብሱ የወጣው እድፍም ሊሆን ይችላል። የአጣቢዎቹ እግር ረግጧቸው፥ ወይም ሌላ ቦታ የሞቱትን ጅረቱ አምጥቶ ከምሯቸው ይሆናል። እነዚህ አራቱ ተፎካካሪ መላምቶች ናቸው። እያንዳንዱም የየራሱን ትንቢት ይናገራል። ገዳዩ ጅረቱ ወይም እግር ከሆነ፥ ከላይ በሕይወት የተያዙ ቀንድ አውጣዎች በዕቃ ውስጥ የእንዶድ አረፋ ቢጨመርባቸው አይሞቱም። ገዳዩ እድፉ ከሆነ፥ ልብስ ያልነካው እንዶድ አይገድላቸውም። ገዳዩ እንዶድ ከሆነ ግን ልብስም ሳይኖር፥ ጅረትም ሳይኖር ይሞታሉ። መላምት ማለት እንግዲህ ወደ ሥራ የሚመራ፥ «ይህን ብታደርግ ይህን ታያለህ» የሚል ጥርጣሬ ነው።

በሕይወት የተያዙት ቀንድ አውጣዎች በእንዶድ አረፋ ውስጥ ሲደረጉ ሞቱ። ከዚያም ምርምሩ በቤተ ሙከራ ቀጠለ፤ በኋላም ዓድዋ ላይ ለአምስት ዓመት በወንዞቹ ተሞክሮ፥ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ዘንድ የበሽታው መጠን ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ መውረዱ ተመዘገበ። አክሊሉ ለማና የሥራ ባልደረባው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሸለሙ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የፓቶባዮሎጂ ተቋም በአክሊሉ ለማ ስም ይጠራል።

መላምት እንዴት ይተከላል?

መላምት ለአንድ ጥያቄ የሚሰጥ፥ በማስረጃ ገና ያልጸና፥ ነገር ግን ሊፈተን የሚችል ጊዜያዊ መልስ ነው። ወደ ልጃገረዶቹ ምሳሌ እንመለስ። «ትምህርት ለሴቶች ይጠቅማል» መላምት አይደለም፤ የሚከራከረው የለምና። «መንግሥት ውኃ ያቅርብ» የሚለውም መላምት ሳይሆን ምክር ነው። «የውኃ ችግር ትምህርትን ይጐዳል» የሚለው ቀረብ ይላል፤ ነገር ግን ችግሩ በምን ይለካል? ጉዳቱስ በምን ይታያል? አሁን እንዲህ ብለን እንጻፈው፤ «በዚህ ወረዳ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል የሚማሩ ልጃገረዶች በቀን ውኃ ለመቅዳት የሚወስድባቸው ሰዓት በረዘመ መጠን፥ በወሰነ ትምህርቱ ከክፍል የሚቀሩበት ቀን ይበዛል።» እነሆ መላምት ተተከለ። ሁለት የሚለኩ ነገሮች አሉት፤ ሰዓትና ቀን። የግንኙነታቸውን አቅጣጫ ይናገራል። ማን ላይና የት እንደሚፈተን ወስኗል። ከሁሉም በላይ፥ ሐሰት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሐሰት ሊሆን የማይችል መላምት ምንም አልተናገረም።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄድ «ባዶ መላምት» የሚባል አለ። እርሱም «በሰዓቱና በቀሪው ቀን መካከል ግንኙነት የለም» ይላል። ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ ይደናገራሉ፤ ነገሩ ግን እንደ ፍርድ ቤት ነው። ተከሳሹ ጥፋቱ እስኪረጋገጥበት ድረስ ንጹሕ ሆኖ እንደሚገመት ሁሉ፥ ግንኙነትም በማስረጃ እስኪጸና ድረስ እንደሌለ ይገመታል። ማስረጃው ካልበቃም «ግንኙነት እንደሌለ አረጋገጥሁ» አይባልም፤ «መኖሩን ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ አላገኘሁም» ይባላል።

የክለሳው ጥቅም እዚህ ላይ እንደገና ይታያል። ከውኃ የራቀ ቤት ከትምህርት ቤትም የራቀ ወይም የድኻ ቤት ሊሆን ይችላል። ልጅቷን ያስቀራት ታዲያ የውኃው መንገድ ነው ወይስ የትምህርት ቤቱ መንገድ? ካርዶቹን በደንብ የሞላ ተማሪ፥ ቀዳሚዎቹ ርቀትንና ድህነትን እንደጠቀሱ ስለሚያውቅ እነርሱንም አብሮ ይለካል። ያላነበበው ግን መጠይቁን በትኖ ሰብስቦ ከጨረሰ በኋላ ጥያቄው ሲነሣበት መልስ ያጣል። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፥ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው። በዚያው ልክ፥ ቁጥሩ ከተደመረ በኋላ መላምቱን ከውጤቱ ጋር እንዲስማማ አድርጎ መለወጥ ፍላጻው ካረፈበት ቦታ ዙሪያ ዒላማ እንደ መሣል ነው፤ ጥናትም አይባልም።

ደግሞም ሁሉም ጥናት መላምት አያሻውም። የአንድ መንደር ሽማግሌዎች ስለ ዕርቅ ሥርዓት የሚናገሩትን የሚሰበስብ፥ ወይም ስላልተጠና ነገር የመጀመሪያውን ሥዕል የሚያቀርብ ሰው ጥርት ያለ ጥያቄ ይበቃዋል። የማያስፈልግ መላምት በግድ መለጠፍ፥ የሚያስፈልገውን ከመተው ያላነሰ ጥፋት ነው።

ለመሥሪያ ቤት ሰዎች

«የባለጉዳዮች ፋይል ለምን ይዘገያል? ተጠንቶ ይቅረብ» ተባላችሁ እንበል። ወዲያው የሚመጣው መልስ «የሰው ኀይል እጥረት ስላለ ነው» የሚል ነው። ይህ መልስ ሳይሆን አንደኛው መላምት ነው። ሁለተኛው «ፋይሉ የሚዘገየው የሚያልፍባቸው ፊርማዎች ስለ በዙ ነው» ይላል። በመጀመሪያ ከመደርደሪያው ላይ አቧራ የጠጡትን የቀድሞ ጥናቶች፥ መመሪያዎቹንና ሰርኩላሮቹን አንብቡ፤ የእናንተ ክለሳ ድርሳናት እነርሱ ናቸው። ከዚያም ካለቁት ፋይሎች መቶ ያህሉን ያለ አድልዎ አውጥታችሁ፥ በያንዳንዱ ጠረጴዛ የገባበትንና የወጣበትን ቀን መዝግቡ። ሥራ በሚበዛባቸው ጥቂት ጠረጴዛዎች ላይ ብቻ ከተከማቸ የመጀመሪያው መላምት ይበረታል። የትም ሳይከማች በየፊርማው ሁለት ሁለት ቀን እያደረ ከሄደ ሁለተኛው ይበረታል። በመጀመሪያው ምክንያት ሠራተኛ ይቀጠራል፤ በሁለተኛው ግን አንድ ሰው መቅጠር አንድ ፊርማ መጨመር ሊሆን ይችላል። ከሩቅ ወረዳ መጥቶ በየሆቴሉ ስንቁን የሚጨርሰው ባለጉዳይ ዕጣ በዚህ ልዩነት ላይ የተንጠለጠለ ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር እናሳስብ። መላምቱ ሐሰት ሆኖ የተገኘበት ተማሪ ወደቀ አይባልም። በሚገባ ተፈትኖ የተጣለ ጥርጣሬ፥ ለሚቀጥለው ሰው የተዘጋውን መንገድ የሚያመለክት ምልክት ነው። የሚወድቀውስ ያየውን ትቶ የተመኘውን የሚጽፍ ነው። እናንተም ዛሬ የምትጽፉት ወረቀት ነገ በሌላ ተማሪ ካርድ ላይ ይሰፍራል። ያ ሰው በእናንተ ቃል ተማምኖ ጉድጓድ ሊያስቈፍር፥ መድኃኒት ሊያዝ ይችላልና፥ የተጻፈውን ከሥሩ መርምሩ፤ የጠረጠራችሁትን በግልጽ ጻፉ፤ ያገኛችሁትንም እንዳገኛችሁት አስቀምጡ።